የዩኒቨርሲቲ የሥዕል ሌክቸርና ኤግዚቢሽን እንዴት ይታደማል?

«ተማሪ አይደለሁም፣ ያስገቡኛል?» ብለው የሚቀሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ፖስተሩ ላይ ለሕዝብ ክፍት ነው ከተባለ ያስገባሉ። መታወቂያ ያዙ፤ ፍተሻ ስላለ ትልቅ ቦርሳ ቤት ይቅር።

መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን አረጋግጡ። አንዴ «5:00» የሚል ፖስተር አይቼ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። አዳራሹ ተቆልፏል። ጥበቃው «አሥራ አንድ ሰዓት ነው እኮ፣ በፈረንጅ ነው የጻፉት» ብሎ ሳቀብኝ። ቀኑም እንደዚያው ነው፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ እዩ። ከተጠራጠራችሁ ትምህርት ክፍሉ ጋ ደውሉ።

ቀጥሎ የብዙ ሰው ስህተት ይመጣል፦ ሥዕሉን ሳያዩ ሌክቸር መግባት። እኔ መጀመሪያ ዓይኔን አሠራለሁ። ንግግሩ ስለ ጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሆነ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለላችሁ። ቤቱ ራሱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የንጉሡን መኝታ ቤት አይታችሁ ወደ ሥዕሎቹ እለፉ።

አንድ «ምስለ ፍቁር ወልዳ»፣ ማለትም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሣለችበትን ሥዕል፣ ምረጡና ፊቱ ቁሙ። የእመቤታችንን እጆች እዩ። ብዙዎቹ ላይ እጆቿ ተጣጥፈዋል፣ የቀኟ ሁለት ጣቶች ተዘርግተዋል፣ በግራዋ መሐረብ ይዛለች። ይህ አያያዝ ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ሥዕል የመጣ ነው። ቅጂው በ1600 እ.ኤ.አ. ግድም በካቶሊክ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በኩል እንደገባ አጥኚዎች ይናገራሉ። የእኛ ሠዓሊዎች ግን ልብሱንም ፊቱንም የራሳቸው አደረጉት። ከዚያ ሌላ ሥዕል ላይ ክፉዎቹን ፈልጉ። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ። ይህን አይታችሁ አዳራሽ ስትገቡ አቅራቢው የሚያወራው በዓይናችሁ ይመጣል።

ስለ ዘመናዊው ከሆነ እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አረፈ። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ዝግጅቶች ተከታተሉ፤ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለብዙ ዓመታት ያስተማረው እዚያ ነው።

ሌክቸሩ ላይ ፊት ቁጭ በሉ፤ ከኋላ ስላይዱ አይታይም። የሥዕሉን ስም፣ ሠዓሊውን፣ ዓመቱን ብቻ ጻፉ። ጥያቄ ሲፈቀድ ጥያቄ ጠይቁ። «አስተያየት አለኝ» ብሎ አሥር ደቂቃ የሚያወራ ሰው በየአዳራሹ አይጠፋም፣ እናንተ አትጨመሩበት።

የመክፈቻ ቀን ሰው ለማግኘት ነው፣ ሥዕል በጀርባ ይሸፈናል። ለሥዕሉ በሥራ ቀን ተመለሱ። ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ቢፈቀድም ፍላሽ አጥፉ።

ከሁሉ የምወደው የአለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የምረቃ ኤግዚቢሽን ነው። ተማሪው ሥራው አጠገብ ቆሞ ታገኙታላችሁ። «ምን ማለት ነው?» አትበሉት፤ ሰልችቶታል። «ከዚህ ቀለም በታች ምን ነበር?» በሉት። አንዷን እንዲህ ብያት ሸራውን አዙራ ጀርባውን አሳየችኝ። ሦስቴ አጥፍታ ነው የሣለችው።