ቤት ውስጥ ድመት እያለ ሰው ወዳድ የፈረንጅ ድመት እንዴት ይመረጣል?

ሁለተኛ ድመት ለልጆቹ ከመመረጧ በፊት ለነባሩ ድመት መመረጥ አለባት። ጭን ላይ የምትተኛ፣ ሲጠሯት የምትመጣ የዘር ድመት ብታመጡም ነባሩ ካልተቀበላት ሁለቱም መደበቅ ይለምዳሉ፤ የተከፈለበት ፍቅር አልጋ ሥር ይቀራል። ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ፣ አራት ኪሎም ሆነ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለት ድመት ሳይተያዩ የሚኖሩበት ሰፊ ቤት ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች አዲሷን «እሷ»፣ የቤቱን ድመት «እሱ» እያልን እንቀጥላለን፤ የእናንተ ነባር ሴት ብትሆንም ነገሩ ያው ነው።

ነባሩ ማን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይጥ እንዲይዝ የመጣ፣ አጭር ጠጉር ያለው የሐበሻ ድመት ነው። በመስኮት ይወጣል፣ ጣሪያ ላይ ያድራል፣ ሲርበው ይመለሳል። ዘር ከመምረጣችሁ በፊት ዕድሜውንና ጠባዩን አስቡ።

ከ10 ዓመት በላይ ከሆነው የድመት ልጅ አታምጡበት። ቀኑን ሙሉ ጅራቱ ላይ ስትዘል መግቢያ ያጣል፣ መብላት ይቀንሳል። ለእሱ የሚሻለው 3 ዓመት ያለፋት፣ የተረጋጋችና ከሌላ ድመት ጋር የኖረች ድመት ናት። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ፣ ኳስ የሚያሯሩጥ ጎረምሳ ከሆነ ደግሞ በጉልበት የምትመጥነው ወጣት ያስፈልገዋል፤ ቀዝቃዛ ድመት ካመጣችሁበት ጨዋታው ወደ ማሳደድ ይለወጣል። በመካከለኛ ዕድሜ ላለው ከ3 እስከ 5 ወር ያለች የድመት ልጅ ብዙ ጊዜ ትስማማለች፤ ሕፃንን እንደ ተቀናቃኝ አያያትም። ይህ ሰላም ግን ዋስትና የለውም። ድመት ሙሉ ጠባይ የምትይዘው ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ሁለት ዓመት አብረው ከበሉ በኋላ የሚጣሉትም ለዚህ ነው።

ከቅጥር ግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም በቅርቡ የገባ ድመት ቢያንስ 3 ወር ይሰጠው። ግዛቱን ገና ሳያውቅ ሌላ ድመት ሲመጣበት ሁሉንም ነገር ከእሷ ጋር ያያይዘዋል። ለዓመታት ጣሪያ ለጣሪያ የኖረውን በአንድ ቀን ቤት ልዝጋበት ማለትም አያዋጣም፤ ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳም። መስኮቱን ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ማታ ማታ ብቻ ዝጉ።

አዲሷ ከመምጣቷ በፊት ለእሱ የሚደረጉ ነገሮች አሉ። ካልተኮላሸ ይኮላሽ፤ የወንድነት ሽታውና ጠበኝነቱ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚወስድ በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ ቀዶ ጥገና አይጠቅምም። ሴት ከሆነች ትምከን። የእብድ ውሻ በሽታ በከተማችን ዛሬም ስላለ ክትባቱ ለሁለቱም ግዴታ ነው፤ ከዚያም ፓንሉኮፔኒያ፣ ካሊሲና ሄርፒስ የሚባሉትን የድመት በሽታዎች በአንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት ይከተላል። ውጭ የሚዞር ድመት የድመት ሉኪሚያና የድመት ኤድስ የሚባሉትን ቫይረሶች በንክሻና በምራቅ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል የእንስሳት ሐኪሙን ፈጣን የደም ምርመራ ካለው ጠይቁት። እነዚህ ሁለቱ ወደ ሰው አይተላለፉም።

የትኛው ዘር?

የዘር ስም የሚነግራችሁ ዕድልን ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ምርጫው ከተገኘ፣ ነባር ድመት ላለበት ቤት መጀመሪያ የምናስባት ቢርማንን ነው። ዐይኗ ሰማያዊ፣ አራቱም መዳፎቿ ነጭ ናቸው። ሰው ትከተላለች፣ ድምፅ አታበዛም፣ ሌላውን ድመት ልግዛ ብላ አትጣደፍም። ጠጉሯ ረዘም ቢልም የውስጡ ለስላሳ ጠጉር ጥቂት ስለሆነ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማበጠር ይበቃል።

ራግዶል በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣች ዘር ናት። ሲያቅፏት ሰውነቷን ትለቃለች፤ በዚህ የተነሳ ሕመም አይሰማትም የሚል ወሬ አለ፣ ሐሰት ነው፣ ለልጆቹም ቀድሞ ይነገራቸው። ወንዱ እስከ 9 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ እድገቱንም የሚጨርሰው በ4 ዓመቱ አካባቢ ነው። 3 ኪሎ ለምትመዝን ነባር ድመት የዚህ ግዙፍ ጨዋታ ራሱ ድብደባ ሊሆንባት ስለሚችል ሴቷን ራግዶል መምረጥ ይሻላል። በራግዶልና ሜይን ኩን በምትባለው ሌላ ግዙፍ ዘር ላይ ልብን የሚያወፍር የሚወረስ በሽታ ስላለ የሁለቱን ወላጆች የጂን ምርመራ ጠይቁ።

በፍቅር ብቻ ከሆነ በርሚዝን የሚያህል ጥቂት ነው፤ ከክፍል ወደ ክፍል ትከተላለች፣ ትከሻ ላይ ትወጣለች። ችግሩ ሰው ላይ ያላት ድፍረት ድመት ላይም መኖሩ ነው። ነባሩ ፈሪ ከሆነ ምግቡንም መኝታውንም ትወስድበታለች። ሰው ሥራ ውሎ ማታ ለሚገባበት ቤትም አትሆንም። ሳያሚዝም ሰው ትወዳለች፣ ግን ቀን ከሌት ትጮሃለች፤ በስስ ግድግዳ የተለየ ጎረቤት ያለው ይህን ያስብበት። ብሪቲሽ ሾርትሄር ጭን ላይ ከመውጣት ይልቅ አጠገባችሁ መቀመጥ ትመርጣለች። መታቀፍ ስለማትወድ ለትንንሽ ልጆች ቅር ያሰኛል፤ ለሽማግሌ ድመት ግን ከእሷ የተሻለ ጓደኛ ማግኘት ይከብዳል።

«የፈረንጅ ድመት» ተብላ የምትሸጠው ብዙ ጊዜ ፐርሺያን ወይም የፐርሺያን ድቅል ናት። እርጋታዋ ለነባሩ ይመቻል። ሥራዋ ግን ብዙ ነው፦ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማበጠር፣ በየቀኑ ዐይኗን በለብ ያለ ውኃ መጥረግ። ፊቷ ፈጽሞ ጠፍጣፋ የሆነችውን አትግዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ አፍንጫዋ የጠበበ ድመት ዝቅተኛ ቦታ ላይ እንኳ የሚያስቸግራት መተንፈስ እዚህ ይብስባታል። የእጣንና የከሰል ጭስ ሲጨመርበት ማሳልና አፍ ከፍቶ መተንፈስ ይመጣል። አፍንጫዋ ወጣ ያለ፣ ቀዳዳው ክፍት የሆነ ይመረጥ። ፐርሺያን ላይ ኩላሊትን በውኃ ከረጢት የሚሞላ በሽታ አለ፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ እንኳ ስለሚይዝ የወላጆቿን የጂን ውጤት ጠይቁ። ብሪቲሽ ሾርትሄርም የፐርሺያን ደም ስላለባት ይኸው ይመለከታታል።

አቢሲኒያንን የማይጠይቅ ሰው የለም። ስሟ ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄደች ከተባለች «ዙላ» የምትባል ድመት ጋር ይያያዛል፤ የዘረመል ጥናቶች ግን ምንጯን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይወስዱታል። ሰው ትወዳለች፣ ነገር ግን ቁጭ አትልም፤ መጋረጃና ቁም ሳጥን ላይ ትኖራለች። ለጎረምሳ ነባር ጥሩ ጓደኛ፣ ለሽማግሌ ቅጣት ናት።

ጆሮዋ የታጠፈውን ስኮቲሽ ፎልድ ተዉአት። ጆሮን የሚያጥፈው ያው የለስላሳ አጥንት ጉድለት መገጣጠሚያዋንም ያሳምማል፤ «ዝምተኛ ናት» የሚባለውም አንዳንዴ ስለሚያማት ነው። ጠጉር የሌላት ስፊንክስም ማሞቂያ በሌለበት ቤት የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት አትችለውም።

ድመቷን ማየት

በፎቶ አትግዙ። ከ12 ሳምንት በታች ያለችንም አትውሰዱ፤ ከእናቷና ከእህት ወንድሞቿ ቀድማ የተለየች ድመት ንክሻዋን መመጠን፣ የሌላ ድመት ቁጣ ማንበብ አትማርም፣ ጦሱም በነባሩ ላይ ይወጣል። «ገና 6 ሳምንቷ ነው፣ ቶሎ ትላመዳለች» የሚል ሻጭ የተገላቢጦሹን ነው የሚነግራችሁ።

የሰው ፍቅር የሚተከለው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ የት ነበረች? ሳሎን ውስጥ ሰው እያቀፋት ነው ወይስ ሰርቪስ ቤት ተዘግቶባት? ድፍረት ከአባትም ይወረሳልና እናቷን ብቻ ሳይሆን አባቷንም ለማየት ሞክሩ። ወለል ላይ ተቀመጡና 10 ደቂቃ ዝም በሉ። ራሷ መጥታ የምታሸታችሁን፣ ስትነሳ ሰውነቷ የማይደርቀውን፣ መሬት ስትቀመጥ የማትሸሸውን ያዙ። ጥግ ይዛ የቀረችውን በአዘኔታ አትምረጡ፤ ነባር ድመት ባለበት ቤት ከባዱ እጣ የሚደርሰው እሷን ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከእናቷ ሌላ፣ ከማታውቃቸው ትልልቅ ድመቶች ጋር ስትሆን እንዴት ናት? ይህን ሳታዩ አትክፈሉ።

ዐይኗ ጥርት ያለ፣ አፍንጫዋ ፈሳሽ የሌለበት፣ ሆዷ ያልተነፋ ይሁን፤ በ12 ሳምንቷ ቢያንስ ወደ 1 ኪሎ መድረስ አለባት። ጆሮዋ ውስጥ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ቆሻሻ ካለ የጆሮ ቅንቅን ነው፤ ይታከማል፣ ነባሩን ግን ይይዘዋል። ክብ ክብ የተመለጠ ቦታ ጭርት ነው፤ እሱ ልጆቹንም ይይዛል።

ስለ ወረቀት፦ የክትባት ደብተር የዘር ወረቀት አይደለም። የዘር ወረቀት ቢያንስ የሦስት ትውልድ ስምና የመዝጋቢውን ድርጅት፣ ለምሳሌ የሲኤፍኤን፣ የቲካን፣ የፊፌን ወይም የጂሲሲኤፍን የምዝገባ ቁጥር ይይዛል። ሰማያዊ ዐይን ብቻውን ሳያሚዝ አያደርግም። ወረቀት የሌላት ግን ጤነኛ፣ በደንብ ያደገች ድመት ካገኛችሁ መግዛት ነውር የለበትም፤ የምትከፍሉት የድመት ዋጋ እንጂ የዘር ዋጋ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ብዙ አየር መንገዶች ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ድመቶችን በጭነት ክፍል እንደማይቀበሉ ቀድማችሁ እወቁ።

ማስተዋወቅ

አዲሷ የምትመጣበትን ሳምንት ምረጡ። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ርችት፣ የፋሲካ እርድና እንግዳ ያለበት ሳምንት አይሆንም። ከመምጣቷ በፊት ከቤት ሠራተኛዋም ጋር ተነጋገሩ፤ በር የምትዘጋውም የምትከፍተውም፣ የምትመግበውም እሷ ከሆነች ሥርዓቱን ከማንም በላይ ማወቅ ያለባት እሷ ናት።

አንድ መኝታ ክፍል ለ14 ቀን ለአዲሷ ይሰጣት፤ ይህ ለመላመድ ብቻ ሳይሆን የያዘችው በሽታ ካለ እንዲወጣ ጭምር ነው። መጸዳጃው ለሁለት ድመት ሦስት ነው፤ ሰፊ ሳፋ ይበቃል፣ ነገር ግን በአንድ መስመር አይደረደር፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ ሌላውን ይከለክላል። አሸዋ ወይም ከእንጨት ሥራ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይሞላ። ዱቄት የመሰለው ሰጋቱራ ፐርሺያንን ያስነጥሳል፤ ሻካራው ይሻላል። የተቀባ ወይም መድኃኒት የተነከረ እንጨት ሰጋቱራ አይወሰድ።

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በሩ ዝግ ነው። ከዚያ የአንዷን ጉንጭ በንጹሕ ጨርቅ እያሻችሁ ጨርቁን የሌላው ምግብ አጠገብ አስቀምጡ፤ ሁለቱንም ከበሩ ግራና ቀኝ፣ መጀመሪያ በ2 ሜትር ርቀት፣ በየቀኑ እያቀረባችሁ መግቡ። አጠገብ ለአጠገብ ያለ ማጉረምረም ሲበሉ በሩን 3 ሳንቲ ሜትር ክፈቱ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ይገናኙ። ልጅ አዲሷን አቅፎ ወደ ነባሩ እንዳይሄድ፤ መሸሻ ያጣች ድመት የምትቧጭረው የያዛትን ልጅ ፊት ነው። እፍ ማለት የተለመደ ነው። ተያይዘው ከተንከባለሉ ብርድ ልብስ ጣሉባቸው፣ እጅ አታስገቡ፣ ወደ ዝጉ በር ተመለሱና 3 ቀን አሳልፉ። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመቸኮል ነው፤ የመጀመሪያው ጠብ ለወራት ይታወሳል።

ነባሩ ከሳፋው ውጭ ቢሸና ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ወንድ ሆኖ ደጋግሞ እያማጠ ሽንት የማይወጣው ከሆነ ግን የሽንት ቱቦው ተዘግቷል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋር መድረስ አለበት።

ለሁለቱም ቤት ውስጥ የሚገድሉ ነገሮች

የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ፐርሜትሪን ካለበት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ፓራሲታሞል ግማሽ ፍሬ እንኳ ገዳይ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ናፍታሊን፣ የጎረቤት የአይጥ መርዝ፣ የስጦታ እቅፍ ውስጥ ያለ ሊሊ አበባ፣ ሁሉም ይነሱ፤ የሊሊ ብናኝ ብቻ ኩላሊት ያጠፋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደማቸውን ስለሚያፈርስ የወጥ ትርፍራፊ አይሰጥ። በረንዳው ወንፊት ያስፈልገዋል።

ሥጋ ቤት የሚገኘው ሳንባ ርካሽ ነው፣ ግን ብቻውን አይመግብም። ልብ ይሻላል፤ ድመት የምትፈልገው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት። ሲቀቀል ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን ከሥጋው ጋር ስጡ። ጉበት በሳምንት አንዴ ጥቂት ይበቃል። ቤተሰቡ በሑዳዴ ሥጋ ሲያቆም ድመቶቹ አብረው አይጹሙ፤ የ55 ቀኑን ሥጋ ወይም ደረቅ የድመት ምግብ ቀድማችሁ አስቡበት፤ ሥጋውንም በአንድ ጊዜ የሚበቃውን ያህል እያደረጋችሁ በፍሪዘር አስቀምጡ።