የቦይለር ሬዚስታንስ ቶሎ ቶሎ ይቃጠልባችኋል? መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ

እኛ ቤት የቦይለሩ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። ሁለቱንም ጊዜ አዲስ ገዝተን አስቀየርን። ለምን እንደተቃጠለ ግን ማንም አልጠየቀም። ሦስተኛው ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ብረቱ አይታይም፤ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ቅርፊት ዙሪያውን ለብሶታል። ያን ሁሉ ብር የበላው እሱ ነው። እናንተም እቃ ከመግዛታችሁ በፊት ምክንያቱን እንድትለዩ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ከድንጋይ ይጀምራል። የሰሜን ሸዋ ደጋ አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ ግን የኖራ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ለሚ ላይ ሲሚንቶ የሚመረተውም ከዚሁ ድንጋይ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይመጣል። የሁለት ጎረቤት ጉድጓዶች ውሃ እንኳ ሊለያይ ይችላል። ጥንካሬው በካልሲየም ካርቦኔት (በኖራ ድንጋይ) ተሰልቶ በሊትር ከ120 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ጠንካራ፣ ከ180 በላይ ከሆነ በጣም ጠንካራ ይባላል።

ያለ ላቦራቶሪም መለየት ይቻላል። ሁለት ሃይላንድ አምጡ። አንዱ ላይ የቧንቧ ውሃ፣ ሌላው ላይ የዝናብ ውሃ እኩል አድርጉ። በጋ ከሆነ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል። በሁለቱም ላይ ትንሽ የልብስ ሳሙና ፋቁና በደንብ ናጡት። የቧንቧው አረፋ ከማውጣት ይልቅ ከደፈረሰና ነጭ ፍርፋሪ ከሠራ ውሃችሁ ጠንካራ ነው። በኦሞ አትሞክሩት፤ ኦሞ በጠንካራ ውሃም አረፋ ስለሚያወጣ ያሳስታችኋል።

አሁን ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንይ። ውሃው ራሱ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ በተለይ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ። በብርጭቆ ቀድታችሁ ጠብቁ። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ምንም አታድርጉ። ጠንካራ ውሃ ሲቀዳ ኩልል ያለ ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ሲሞቅ ነው።

ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ሆኗል፣ ለማፍላትም ይዘገያል። አቼቶና ውሃ እኩል አድርጋችሁ አሙቁና አጥፍታችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። ሎሚም ይሠራል። ከዚያ በደንብ አጥባችሁ አንድ ጊዜ ንጹህ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ። አደራ፣ አቼቶን ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅሉ! የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ውስጡ ንጹህ ሆኖ ማታ ማታ ብቻ ከዘገየ ደግሞ መብራቱ ኃይል አንሶት ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የፈላው ውሃ እንደ ቆላው ባያቃጥል ማንቆርቆሪያው ተበላሽቷል አትበሉ።

ሳሙና ያልቃል፣ ልብስ ይሻክራል፣ ሻወሩ ወደ ጎን ይረጫል። የልብሱን ውሃ አፍሉት፣ አስቀምጡት፣ ከላይ ቅዱ። ብዙውን ጊዜ ይለሰልሳል። ጥንካሬው ከጂፕሰም የመጣ ከሆነ ግን ማፍላት አይፈታውም። በክረምት ከአሸንዳ የዝናብ ውሃ መያዝ ትልቅ ሀብት ነው፤ የመጀመሪያውን የጣራ እጣቢ ብቻ ድፉት። ለሻወሩ በፌስታል አቼቶ አድርጋችሁ አፉ ላይ እሰሩለትና ከሁለት ሰዓት በኋላ በጥርስ ብሩሽ እሹት። የእንፋሎት ካውያ ላይ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ።

ቦይለሩ ይንጣጣል፣ ይዘገያል፣ ሙቁ ውሃ ቶሎ ያልቃል። ዋናው ኪሳራ እዚህ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ሲሞቅ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል፣ በጣም የሚሞቀው ሬዚስታንሱ ላይም ይጣበቃል። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ብረቱ ከውስጥ ከልክ በላይ ይግልና ይቃጠላል። ድምፁም የሚመጣው ከቅርፊቱ ስር የታሰረ ውሃ ሲፈላ ነው።

ብሬከሩን አጥፉ፣ ውሃውን ዝጉ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይፍታው። ሬዚስታንሱ ገና ካልተቃጠለ ብረቱን አቼቶ ውስጥ ንከሩት፤ የኤሌክትሪክ መግቢያው ግን እንዳይርስ። አረፋው ሲቆም ቅርፊቱ በእጅ ይለቃል። በቢላ አትፋቁት፣ ልባሱ ይጎዳል። ከታች የተጠራቀመውን ፍርፋሪ አጥባችሁ አውጡ። የማግኒዥየም ዘንጉ ተበልቶ ካለቀ አስቀይሩት፤ ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው። ስትመልሱት ሙቀቱን 60 ዲግሪ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ ቅርፊቱ ይፈጥናል። የእኛን አሁን በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ እናስከፍተዋለን።

ውሃ አጋር ጀርም ይገድላል እንጂ ውሃ አያለሰልስም። ተራ ማጣሪያም አያለሰልስም። በጨው የሚሠራ ማለስለሻ መሣሪያ አለ፣ ግን ውድ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ከላይ ያሉት የሚበቁ ይመስለኛል። ጤናን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። እኛ ቤትም የሚጠጣው ያው የቧንቧው ውሃ ነው።