የቀዶ ሕክምና ቁስል ሲመግል ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

ቁስሉ ቀልቶና አብጦ መግል ሲያወጣ ወዲያው አንቲባዮቲክ መቀየር የተለመደ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን መጀመሪያ ናሙና፣ ቀጥሎ መግሉን ማውጣት፣ ካስፈለገ ደግሞ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ከቀደመ ካልቸሩ (ጀርሙን በላቦራቶሪ የማብቀል ምርመራ) ላይ ምንም ላይበቅል ይችላል። ያኔ ጀርሙ ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ ስታፊሎኮከስ ይሁን ሴፍትሪያክሶን የተባለውን የሚያከሽፍ ክሌብሲዬላ ሳይለይ ታካሚው በግምት ይታከማል። የደም ግፊቱ የወረደ ወይም አእምሮው የደነገዘ ታካሚ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ የደምና የቁስል ናሙና ፈጥናችሁ ውሰዱና መድኃኒቱን በ1 ሰዓት ውስጥ ጀምሩ።

በጎዙ ላይ ከደረቀው መግል ናሙና አትውሰዱ፤ የሚበቅለው በአብዛኛው የቆዳ ላይ ጀርም ነው። ያልፈነዳ የመግል ኪስ ካለ ቆዳውን በአልኮል ጠርጋችሁ ሲደርቅ በሲሪንጅ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ሳቡ። ከሁሉ የሚሻለው ናሙና ይህ ነው፤ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በስዋብ (ጫፉ ጥጥ በሆነ የናሙና መውሰጃ እንጨት) ብዙም አይገኙም። ቁስሉ ክፍት ከሆነ በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ብቻ እጠቡት። አዮዲን ከነካው ልታገኙት የምትፈልጉትን ጀርም ይገድለዋል። ከዚያ ንጹሕ ሥጋ ላይ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር በምታክል ቦታ ስዋቡን ጫን አድርጋችሁ ለ5 ሰከንድ አሽከርክሩ፤ ከሥጋው ውስጥ ፈሳሽ ብቅ ማለት አለበት። በምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ «ቁስል» ብቻ ብሎ መላክ ላቦራቶሪውን አያግዝም፤ ቦታውን፣ የቀዶ ሕክምናውን ቀንና የተወሰደውን አንቲባዮቲክ ጻፉ። ናሙናው በ2 ሰዓት ውስጥ የማይደርስ ከሆነ በማጓጓዣ ሚዲየም (ጀርሙን በሕይወት በሚያቆይ ማስቀመጫ) ይሂድ።

መግል የያዘበትን ስፌት ፈትታችሁ አውጡት፣ እጠቡ፣ እርጥብ ጎዝ ላላ አድርጋችሁ አስገቡ። የተጠቀጠቀ ጎዝ ፈሳሹን እንደ ውታፍ ይዘጋል። ከቆዳው ሥር ያለው የጡንቻ ሽፋን ተላቆ ከሆነ ወይም ዓይነ ምድር የሚመስል ፈሳሽ ከመጣ አትንኩት፤ የቀዶ ሐኪሙን ጥሩ። ብረት ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያለበትም እንዲሁ።

ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ110፣ ቅላቱም ከቁስሉ ጠርዝ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካላለፈ፣ የላይኛው ቁስል መከፈቱ ያለ አንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

የካልቸር ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። ሲመጣ ፋይል ውስጥ አታስቀምጡት። በቫንኮማይሲን የተጀመረው ስታፊሎኮከስ ለክሎክሳሲሊን የሚበገር ሆኖ ከተገኘ ወደ ክሎክሳሲሊን ቀይሩ፤ ለዚህ ጀርም ቫንኮማይሲን ደካማው ነው።