ዲኤስኤልአር ወይስ ቪዲዮ ካሜራ? በሰሜን ሸዋ በራሳቸው አቅም ፊልም ለሚሠሩ

ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት የፊልሙን ጽሑፍ ይዛችሁ ተቀመጡና በእያንዳንዱ ትዕይንት ጎን «ይደገማል» ወይም «አይደገምም» ብላችሁ ጻፉ። ተዋናይ ቆሞ የሚናገርበት፣ «በሉ ከመጀመሪያው» ቢባል ምንም የማይጎድልበት ትዕይንት ይደገማል። ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ፣ በጅሩ ሜዳ ፈረሰኛ ሲጋልብ፣ በመንዝ ጓሳ የጭላዳ መንጋ ገደል ሲወርድ ግን አይደገምም። ጽሑፉ በ«ይደገማል» ከተሞላ ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ሌንሱ የሚቀያየረውንና ቪዲዮም የሚቀርጸውን የፎቶ ካሜራ፣ ግዙ። በ«አይደገምም» ከተሞላ ሰዉ ቪዲዮ ካሜራ የሚለውን ካምኮርደር ግዙ። የምስል ጥራትን ብቻ አወዳድሮ መግዛት ብዙውን ጊዜ ያስቆጫል፤ ሁለቱ የሚለያዩት ይበልጥ በአሠራር ነው።

ዲኤስኤልአርን ፊልም ሠሪ እጅ ያስገባው የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ስፋት ነው። በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። እንደ 600ዲ፣ 700ዲ እና 70ዲ ያሉት 22 በ15 ያህል አላቸው። ባለ 1/3 ኢንች ካምኮርደር ግን 4.8 በ3.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሰፊው ሴንሰር በማታ ትዕይንት ምስሉ ቶሎ በነጠብጣብ እንዳይሞላ ያደርጋል፤ የተዋናዩ ፊት ጥርት ብሎ ከጀርባው ያለውም ይደበዝዛል። ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ለዚህ ይበቃል፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ መክፈቻ ይሰፋል ማለት ነው።

ችግሩም ከዚያው ይመጣል። በ600ዲ ላይ ያንን ሌንስ በኤፍ 1.8 ከፍታችሁ 2 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ብትቀርጹ ፎከስ ውስጥ የሚገባው 11 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ተዋናዩ ሲኒ ለማንሳት ጎንበስ ሲል ዓይኑ ይጠፋል። ኤፍ 4 ላይ 24 ሴንቲሜትር ያህል ታገኛላችሁ፤ ለንግግር ትዕይንት ከዚህ በታች አትውረዱ። ተዋናዩ የሚቆምበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ርቀቱን በሜትር ለኩ፣ ፎከሱን በእጅ አዙሩ። በ2013 ከወጣው 70ዲ በፊት የነበሩት ካኖኖች በቀረጻ ላይ ያላቸው አውቶፎከስ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ቀረጻውን ያበላሻል።

ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ። 50 ሚሊሜትር ሌንስ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ 3 ሜትር ርቀት ላይ የሚያየው 1.3 ሜትር ስፋት ነው። በመንዝ የድንጋይ ቤት ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶ እንኳ ሁለት ሰው አብሮ አይገባላችሁም። 18 ሚሊሜትር ሲሆን በዚያው ርቀት 3.7 ሜትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ ከካሜራው ጋር የሚመጣውን 18-55 ሌንስ ንቃችሁ አትሽጡት።

ከቤት ውጭ ያለው ፀሐይ ለዲኤስኤልአር ፈተና ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ ሻተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ሊሆን ይገባል። በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ደብረ ብርሃን ላይ በረፋዱ ፀሐይ፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ መክፈቻ) ወደ ኤፍ 22 ይሄድባችኋል። ወደ ኤፍ 4 ለመመለስ አምስት ደረጃ ብርሃን መቀነስ አለባችሁ፣ ይህም ኤንዲ 32 የተባለው ፊልተር ነው። ፊልተር የለኝም ብሎ ሻተሩን 1/1000 ያደረገ ሰው የሯጭና የፈረስ እንቅስቃሴው ቆራርጦ እየዘለለ ይታያል። እየተሽከረከረ የሚጨልመው ተለዋዋጭ ኤንዲ ይመቻል፤ ግን በ18 ሚሊሜትር ጥግ ድረስ ካጨለማችሁት በምስሉ ላይ ጥቁር መስቀል ይወጣል። ደህና ካምኮርደሮች ኤንዲውን በውስጣቸው ይዘዋል፤ በአንዳንዶቹ አንድ ቁልፍ ነው፣ በሌሎቹ ራሱ ይሠራል።

ዲኤስኤልአር የሚያቆማችሁ ደግሞ ሰዓት ነው። አብዛኞቹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ይቆማሉ፤ ምክንያቱ አውሮፓ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽን ካሜራ በቪዲዮ ካሜራ ቀረጥ ትመድብ ስለነበር ነው። የድሮዎቹ ካኖኖች ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲደርስ፣ ማለትም በ12 ደቂቃ ገደማ፣ ያቋርጣሉ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ በቀትር ከሆናችሁ ሰዓቱ ሳይሞላም ሙቀቱ ሊያጠፋው ይችላል፤ በቀረጻዎች መካከል አጥፉት፣ ጥላ ያዙለት። ለልብ ወለድ ይህ ምንም አይደለም፤ የአንድ ሽማግሌን የሁለት ሰዓት ትረካ ለሚቀርጽ ግን አይሆንም።

የአለባበስ ነገርም አለ። ጥቃቅን ድርና ማግ ያለው ነጠላ፣ ጥልፍና ክርክር ቆርቆሮ በድሮ ዲኤስኤልአር ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ የሚንቀሳቀስ መስመር ያወጣሉ፤ ሞአሬ ይባላል። ካሜራው የሴንሰሩን መስመሮች እየዘለለ ስለሚያነብ ነው፤ በኤዲቲንግም አይጠፋም። ካሜራውን ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ አድርጉ፣ ካልሆነም ልብሱን ቀይሩ። በርኖስ ጠጉሩ ሻካራ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም።

አሁን ወደ ድምፅ፤ የሚበዛው ፊልም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። ርካሽ ዲኤስኤልአር ያለው ባለ 3.5 ሚሊሜትር የማይክ ቀዳዳ ብቻ ነው። 600ዲም 700ዲም 70ዲም የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የላቸውም፤ ምን እየቀዳችሁ እንደሆነ ቤት ገብታችሁ ነው የምትሰሙት። ደህና ካምኮርደር፣ ለምሳሌ ካኖን ኤክስኤ20፣ ሁለት የኤክስኤልአር (የባለሙያ ማይክ) ማስገቢያ፣ ለማይኩ 48 ቮልት ኃይልና የጆሮ ማዳመጫ አለው። ቡም ማይኩን (በዘንግ ተይዞ ወደ ተዋናዩ የሚዘረጋውን) ሰክታችሁ፣ ድምፁን እየሰማችሁ ትቀርጻላችሁ።

ዲኤስኤልአር ከመረጣችሁ የድምፅ መቅጃ ለብቻው ግዙ፤ ዙም ኤች1 ለመጀመሪያ ይበቃል። መቅጃውን በ48 ኪሎኸርዝ አድርጉ፣ 44.1 ለሙዚቃ ነው። አውቶማቲክ የድምፅ ደረጃውን አጥፉ፤ ካላጠፋችሁት ተዋናዩ ዝም ባለ ቁጥር የነፋሱ ድምፅ እያደገ ይመጣል። ከፍተኛው ንግግር በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። በየቀረጻው መጀመሪያ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ኤዲተሩ መዳፎቹ የተገናኙበትን ፍሬም ከድምፁ ጋር ያጋጥም። ሩቅ ሆናችሁ ስትቀርጹ የካሜራውን ድምፅ አትመኑ፤ ድምፅ 14 ሜትር ገደማ ለመጓዝ አንድ ሙሉ ፍሬም ይወስድበታል።

የደብረ ብርሃን ነፋስ ስፖንጅ ብቻ የለበሰ ማይክን ይንቃል፤ ባለ ረጅም ጠጉር ሽፋን ያስፈልጋል። የኮሌታ ማይክ በጋቢ ሥር ሲደበቅ ይንኮሻኮሻል፤ በፕላስተር ከውስጥ ልብሱ ጋር አጣብቁትና ሽቦውን ትንሽ ላላ አድርጉ። ከተማ ውስጥ ባጃጅ፣ ጋሪና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አይቀሩም፤ ስለዚህ ትዕይንቱ ባለቀ ቁጥር ሁሉም ዝም ብሎ የቦታውን ድምፅ 30 ሰከንድ ቅዱ። በንግግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት የሚሞላው በእሱ ነው።

ካምኮርደሩ በ«አይደገምም» ላይ የሚያሸንፈው በዙሙም ነው። ኤክስኤ20 ባለ 20 እጥፍ ዙም አለው፤ ጭላዳዎቹን ሳታስደነግጡ ከሰፊው ሜዳ እስከ አንዷ እናት ፊት ድረስ ሌንስ ሳትቀይሩ ትደርሳላችሁ። በጓሳ ነፋስና አቧራ መካከል የዲኤስኤልአር ሌንስ መቀየር ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ መጋበዝ ነው። የሚያጣው ያው የማታውን ትዕይንትና የደበዘዘውን ጀርባ ነው። ጀርባው እንዲደበዝዝ ከፈለጋችሁ ካሜራውን ወደኋላ ወስዳችሁ ዙም አድርጉ፣ ተዋናዩንም ከግድግዳው 4 ወይም 5 ሜትር አርቁት።

ሁለቱም ካሜራዎች ቁርን አይወዱም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሊቲየም ባትሪ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሲሞቅ መልሶ ያገግማል። ትርፍ ባትሪዎችን ደረት ኪስ ውስጥ ያዙ፤ «አለቀ» ያለውንም ከመጣል አሙቃችሁ ሞክሩት። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ በጣርማበር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ገደማ ነው የምትገቡት። ቀዝቅዞ ያደረ ሌንስ ሞቃት አየር ሲነካው ላብ ይይዘዋል። ካሜራውን ደጋ ላይ እያለ በፌስታል ጥቅጥቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ቆላ ደርሶ እስኪሞቅ ድረስም አትፍቱት።

የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራውን ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት፣ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 አድርጉ። ከአሜሪካ የመጣ አንዳንድ ካምኮርደር 30 እና 60 ፍሬም ብቻ አለው፤ በ1/60 ሻተር ከፍሎረሰንት በታች ይርገበገባል። 1/50 ወይም 1/100 ስታደርጉት ይረጋጋል፤ በቀረጻው መሐል ግን ሌላ ባለ 25 ካሜራ ካለ ሁለቱን ማጋጠም ራስ ምታት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ካላችሁ ገንዘብ ከእያንዳንዱ 100 ብር ለካሜራው አካል ከ40 በላይ አታውጡ፤ 20 ለሌንስ፣ 25 ለድምፅ፣ ቀሪው ለትራይፖድ፣ ለካርድና ለባትሪ። ካምኮርደር ከሆነ የሌንሱ 20 ወደ አካሉ ይዛወራል። ካኖንም ኒኮንም ከ2018 ወዲህ ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ (በውስጡ መስታወት ወደሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ስላዞሩ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ረክሷል፤ የካኖን ሌንሶችም በአስማሚ አዲሱ ላይ ይሠራሉ።

ያገለገለ ለመግዛት አዲስ አበባ ስትወርዱ የራሳችሁን ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ። የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ በአይኤስኦ 1600 አንድ ደቂቃ ቅረጹ፤ የማይንቀሳቀስ ቀይ ወይም ነጭ ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ተጎድቷል። ክዳኑን ከፍታችሁ 12 ደቂቃ ያለማቋረጥ አስቀርጹት፤ ሙቀቱም ባትሪውም ያኔ ይታወቃል። ማይኩን ሰክታችሁ ሽቦውን ወዝውዙ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ቀዳዳው ላልቷል። ባትሪው ከቦታው ሲወጣ ከተጣበቀ አብጧል። 5ዲ ማርክ 2 ከሆነ በማውጫው 25 ፍሬም መኖሩን እዩ፤ በ2010 ከተለቀቀው ፈርምዌር (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) በፊት 30 ብቻ ነበረው። በካሴት የሚሠራ ካምኮርደር ቢረክስም ተዉት፤ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው የፋየርዋየር መሰኪያ በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ የለም።