ከሊፖሰክሽን በፊትና በኋላ መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

ሊፖሰክሽን ከቆዳ ሥር የተጠራቀመን ስብ በቀጭን ቱቦ መጥጦ በማውጣት የሰውነትን ቅርጽ የሚያስተካክል ቀዶ ጥገና ነው። የሆድ ዕቃን የከበበውን ውስጣዊ ስብ አይነካም፣ የላላ ቆዳንም አያጠብቅም፤ በመሆኑም ክብደት ለመቀነስ ብሎ የሚገባበት ሰው ማዘኑ አይቀርም። ክብደቱ ገና ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ቢያረጋጋው ይሻላል።

ሐኪሙ ስለ ጤና ታሪክ ሲጠይቅ አንዳች ነገር መደበቅ አይገባም። ቀደም ሲል ያጋጠመ የደም መርጋት፣ የስኳርና የልብ ሕመም፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን፣ ከዕፅዋት የተቀመመ መድኃኒት ጭምር መነገር አለበት። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ቫይታሚን ኢ እና የዓሣ ዘይት መድማትን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ብዙ ሐኪሞች ከ1 እስከ 2 ሳምንት አስቀድሞ እንዲቋረጡ ያዛሉ፤ ለልብ ወይም ለስትሮክ የታዘዘን ደም ማቅጠኛ ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ 4 ሳምንት አስቀድሞ ማቆም ይኖርበታል፤ ኒኮቲን የደም ሥሮችን እያጠበበ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋልና። ታካሚውም በበኩሉ ምን ያህል ሊትር ስብና ፈሳሽ እንደሚወጣና ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥ ይጠይቅ። ከ5 ሊትር በላይ የሚወጣ ከሆነ ሌሊቱን በሆስፒታል ክትትል ሥር ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ይህን ጥያቄ በግልጽ ለመመለስ የሚያመነታ ሐኪም ዘንድ ቀዶ ጥገናውን ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

በዕለቱ መጾምን በተመለከተ የሚሰጠው ትእዛዝ ሳይሸራረፍ ይፈጸም። ወደ ቤት የሚወስድና ቢያንስ የመጀመሪያውን ሌሊት አብሮ የሚያድር ሰው፣ ከፊት የሚከፈት ሰፊ ልብስ፣ እንዲሁም ፍራሹን የሚሸፍን ፕላስቲክ አስቀድመው ይዘጋጁ።

ፕላስቲኩ የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ቱቦው ከገባባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች ቀላ ያለ ፈሳሽ ስለሚወጣ ነው። ብዙ ሰዎች ደም መስሏቸው ይደነግጣሉ፤ አብዛኛው ግን ስቡ ከመመጠጡ በፊት የተወጋው የጨዋማ ውሃ፣ የሊዶኬይን (የማደንዘዣ መድኃኒት) እና የአድሬናሊን (የደም ሥርን አጥብቦ መድማትን የሚቀንስ መድኃኒት) ድብልቅ ነው። ፈሳሹ ደማቅ ደም ሆኖ አልቆም ካለ ግን ለሐኪሙ መደወል ይገባል። ሊዶኬይን በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ ምናልባትም ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ ጆሮ ቢጮህ፣ አፍ ብረት ብረት ቢል ወይም ከንፈርና ምላስ ቢደነዝዙ አብሮ ያደረው ሰው ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ሕክምና ይውሰደው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚለበሰው፣ ስቡ የወጣበትን ቦታ አጥብቆ የሚይዘው ልብስ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀንና ሌሊት ይለበሳል። የተጨማደደ እጥፋት ቆዳ ላይ ጎድጓዳ ምልክት ሊያስቀር ስለሚችል በየጊዜው እየተዳሰሰ ይስተካከል። ልብሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወልቅ ራስን ሊያዞር ስለሚችል አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው አጠገብ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ማውለቅ ይበጃል። ከቀዶ ጥገናው የተነሣ የደነዘዘ ቆዳ ሙቀትም ቅዝቃዜም አይለይምና ትኩስ ነገርም ሆነ በረዶ በቀጥታ አይያዝበት።

ከዚያው ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ መራመድ ደም በእግር ሥሮች ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል፤ ከባድ ዕቃ ማንሳትና ጠንካራ ስፖርት ግን ለ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆዩ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የአንድ እግር ባት ብቻ ማበጥ፣ ግራ መጋባት፣ በመድኃኒት የማይታገሥ የሆድ ሕመም ሲታይ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግድ ነው። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም መግልም በዚያው ዕለት በሐኪም መታየት አለባቸው።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚፈትነው እብጠቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ፈሳሽ ስለሚይዝ ሚዛን ላይ ክብደት ጨምሮ ሊታይ፣ አንዱ ጎን ከሌላው ሊበልጥ፣ ቆዳውም ሲዳሰስ ጓጎላ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቀዶ ጥገናው ከሸፈ ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ እየጎደለ ቢሄድም ትክክለኛው ቅርጽ የሚለየው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከ6 ወር በኋላም ያልተስተካከለ ነገር ከቀረ፣ ስለ ማስተካከያ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር የሚገባው ያን ጊዜ ነው።