የሴራሚክ ዳር፣ ጥግና ደፍ አጨራረስ

አዲስ ሻወር ቤት ጥጉ በነጭ ሲሚንቶ ተሞልቶ ሲወለወል ያምራል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ይወርድበታል፤ ባለቤቱም ሰሪውን ያማል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተሞላው ነገር ነው። ሁለት ግድግዳ፣ ወይም ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት መስመር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ኮንክሪቱ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ ይሳሳባል። ሲሚንቶ ደግሞ አይለጠጥም። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ባሉ ሴራሚኮች መካከል ግራውት (ሲሚንቶ ያለው የክፍተት መሙያ)፣ ገጽ በሚታጠፍበት ሁሉ ሲሊኮን (የሚለጠጥ ማሸጊያ) ይግባ።

ዳሩ የሚወሰነው ማጣበቂያው ሳይበጠበጥ ነው

ሴራሚኩን መጀመሪያ በደረቁ ደርድሩት። 3.20 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል 60 በ60 ሴራሚክ በ3 ሚሊ ክፍተት ከአንድ ግድግዳ ተነስታችሁ ብታነጥፉ፣ አምስት ሙሉ ገብቶ በወዲያኛው ዳር 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁራጭ ይቀራል። አራቱን ሙሉ መሃል ብታደርጉ ግን በሁለቱም በኩል 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳችኋል። ብክነቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ዓይን ግን ያርፋል። ቀጭኑን ቁራጭ መተው ግድ ከሆነ ከበሩ ራቅ ባለው፣ አልጋ ወይም ቁም ሣጥን በሚሸፍነው ወገን ይሁን።

በየግድግዳው ሥር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ባዶ ተዉ፤ በግድግዳው ሥር የሚለጠፈው ዞኮሎ ይሸፍነዋል። እዚያ የወደቀውን ማጣበቂያ ሳይደርቅ ጥረጉት። ይህ ክፍተት በሲሚንቶ ከተደፈነ ወለሉ ሲለጠጥ መሄጃ ያጣል፤ አንድ ቀን መሃል ላይ ሁለት ሴራሚክ ተገፋፍተው እየጮሁ ይነሳሉ። ሰፊ ሳሎን ከሆነ ቢበዛ በየ7 ሜትሩ፣ ፀሐይ በሚመታው በረንዳ ላይ ደግሞ በየ3 ሜትሩ አንዱን መስመር ከግራውት ይልቅ በሚለጠጥ ማሸጊያ ሙሉት። ከሥር ኮንክሪቱ የተከፈለበት መስመር ካለ የላዩም ክፍተት ልክ በእሱ አናት ይሁን፤ ሴራሚኩን በላዩ አሻግራችሁ ብትለጥፉ ስንጥቁ ራሱ መንገዱን ያወጣል።

ወደ ውጭ የሚወጣ ማዕዘን

ቀላሉ መንገድ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል (ጠርዝ የሚሸፍን ቀጭን ዘንግ) ነው። ቁመቱን በሴራሚኩ ውፍረት ምረጡ፤ ለ8 ሚሊ ሴራሚክ 8 ወይም 10 ሚሊ። ቀዳዳ ያለው ክንፉ በማጣበቂያው ውስጥ ይቀበራል፤ ሴራሚኩና ፕሮፋይሉ ሳይነካኩ 2 ሚሊ ክፍተት ይቀርና በግራውት ይሞላል። ፕሮፋይሉ ከሴራሚኩ በላይ ብቅ እንዳይል በጣት ዳስሱ።

ሁለቱን ጠርዝ በ45 ዲግሪ ገፍፎ ማጋጠም የበለጠ ያምራል፤ እጅ ግን ይጠይቃል። በግራይንደር ስትገፍፉ ከላዩ 1 ሚሊ ያህል ሳትነኩ ተዉ፤ እስከ ጫፉ ከተሳለ በመጀመሪያው የመጥረጊያ እንጨት ምት ይፈረፈራል። ከጀርባ ትንሽ ጨምራችሁ ግፈፉ፤ ማጣበቂያው ቦታ ያገኛል። ልጆች በሚሯሯጡበት ኮሪደር ፕሮፋይሉ ይሻላል።

ግራውት

ማጣበቂያው ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ለ60 በ60፣ 9 ሚሊ ውፍረት፣ 3 ሚሊ ክፍተት በካሬ ሜትር 150 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ለ20 ካሬ ከነብክነቱ 3.5 ኪሎ ያዙ። በጎማ ማለስለሻ ከመስመሩ ጋር በሰያፍ እየገፋችሁ እስከ ሥሩ ድረስ ሙሉ። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይታችሁ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ፣ አሁንም በሰያፍ፣ ጥረጉ። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሥራ የሚበላሸው፦ ስፖንጁ ውሃ ካንጠባጠበ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፣ ላዩም ዱቄት ይሆናል። ባልዲው ውስጥ የጠጠረውን ግራውት ውሃ ጨምሮ ማለስለስም ያው ነው። ቆሻሻውን በአሲድ ማጠብ ደግሞ ግራውቱንም ይበላዋል።

የጥጉ ሲሊኮን

ግራውቱ አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ ጥጉን በቢላ ጫፍ ፍቃችሁ አቧራውን አስወግዱ። አሮጌ ሲሊኮን ካለ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ አይይዝም። ሴራሚክ ላይ እንደ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ይሠራል፤ እብነ በረድ ካለ ግን ድንጋዩን ስለሚበላው የማይሸተውን፣ ኒውትራል የሚባለውን ግዙ። ክፍተቱ ጥልቅ ከሆነ መጀመሪያ የስፖንጅ ገመድ ጎዝጉዙበት፤ ሲሊኮኑ ሁለቱን ጎን ብቻ ሲይዝ ይለጠጣል፤ ታችም ሲጣበቅ ይቀደዳል።

በሁለቱም ወገን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ የቱቦውን አፍ ከክፍተቱ ጠበብ አድርጋችሁ በሰያፍ ቁረጡና ሳታቋርጡ ጎትቱ። 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ በ6 ሚሊ ስፋትና 4 ሚሊ ጥልቀት 12 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሳሙና ውሃ በረጠበ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ አልፉበትና ፕላስተሩን ሳይደርቅ አንሱት፤ ከደረቀ በኋላ ከተነሳ ጠርዙን ይዞ ይመጣል። ባኞ ዳር ሲሆን መጀመሪያ ባኞውን በውሃ ሙሉት፣ ሲሊኮኑ እስኪደርቅ አታፍስሱት። ባዶውን ከታሸገ ሰው ሲገባበት ክብደቱ ይጎትትና መስመሩን ይለየዋል።

የበር ደፍ

ሴራሚክና ፓርኬ የሚገናኙበት መስመር በሩ ሲዘጋ ከመዝጊያው ሥር ይዋል፤ ከሁለቱም ክፍል የሌላው ወለል አይታይም። እንጨቱ ስለሚያብጥ በመካከላቸው 10 ሚሊ ተዉና በቲ ቅርጽ ፕሮፋይል ሸፍኑ። ፕሮፋይሉ ከሴራሚኩ ወገን ብቻ ይጣበቅ፤ ፓርኬው ከሥሩ ይንሸራተት። የከፍታ ልዩነቱን ቀድማችሁ አስሉ፦ 9 ሚሊ ሴራሚክ ከ4 ሚሊ ማጣበቂያ ጋር 13 ነው፤ 8 ሚሊ ላሚኔት (ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ ንጣፍ) ከሥሩ ከሚነጠፈው 2 ሚሊ ፎም ጋር 10። ያቺ 3 ሚሊ እግር ትመታለች፤ ተዳፋት ፕሮፋይል ያስፈልጋል።

የሻወር ቤት ወለል ከኮሪደሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ደፉ ላይ የሚቀመጠው እብነ በረድ በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘንብል። የበሩ መዝጊያ የሚቆረጠው ደፉ ከተቀመጠ በኋላ ነው።