በኮድ ኮሜንትና ዶክመንቴሽን ውስጥ የፊደል ግድፈት ስናርም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሜንት (ኮድ ውስጥ ለአንባቢ የሚጻፍ ማስታወሻ) ስታነቡ አንዲት ፊደል ተገድፋ ታገኛላችሁ። እጃችሁ ወዲያው ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል። ፊደሏን ማስተካከል፣ ኮሚት ማድረግ (ለውጡን መመዝገብ)፣ መላክ፤ በቃ። ለኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ሥራ) አዲስ የሆነ ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ጥሩ መግቢያ ነው፤ አንባቢንም ይጠቅማል። ግድፈት የበዛበት ዶክመንቴሽን የሚያነብ ሰው ቀስ በቀስ ይዘቱንም መጠርጠር ይጀምራል።

ችግሩ «ኮሜንት አይደል እንዴ፣ ምን ይበላሻል?» የሚለው ሐሳብ ነው። ብዙ ነገር ይበላሻል። ሥራውም ከመጻፍ ይልቅ ማንበብ ይበዛበታል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ቃሏን ብቻ አይቶ ዙሪያዋን ካለማየት ነው።

ፊደሉን አርሞ ሐሳቡን መዝለል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ፈንክሽን አለ እንበል። ከላዩ ያለው ኮሜንት «የሚጠበቀው ጊዜ በሴኮንድ» ይላል። «ሴኮንድ» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል ግን አንድ ፊደል ጎድሏታል። ፊደሏን አስገብታችሁ ትሄዳላችሁ። ሦስት መስመር ወረድ ብትሉ ኖሮ ፈንክሽኑ የተሰጠውን ቁጥር ለ1000 ሲያካፍል ታዩ ነበር። ፈንክሽኑን የሚጠሩት የኮድ ቦታዎችም 5000 ብለው ነው የሚሰጡት። ማለትም የሚቀበለው ሚሊሴኮንድ ነው። ኮሜንቱ ድሮም ስህተት ነበር፤ አሁን ደግሞ አምሮ የተጻፈ ስህተት ሆነ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ታሪኩን ሲያይ ኮሜንቱ በቅርቡ ታርሟል። ስለዚህ ያምነዋል፤ 5 ብሎ ይሰጣል። አምስት ሴኮንድ ይጠብቃል ያለው ፕሮግራም በአምስት ሚሊሴኮንድ ተስፋ ይቆርጣል።

እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ አይደለም። ኮድ ይቀየራል፣ ኮሜንት ባለበት ይቀራል። ኮሜንት ቢዋሽ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) አይጮህም፣ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) አይወድቅም። ግድፈት ያለበት ኮሜንት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ተመልሶ ያላየው ነው። ስለዚህ የተገደፈችውን ፊደል እንደ ምልክት ውሰዷት። ኮሜንቱ የጠቀሰው ፈንክሽን አሁንም አለ? የፓራሜትሮቹ ስም ኮዱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ዲፎልት ብሎ የጻፈው ቁጥር አሁን ያለው ነው? በተለይ አፍራሽ ቃል (እንደ እንግሊዝኛው «ኖት» ያለች) የተዘለለችበትን ዓረፍተ ነገር ፍሩት። ሰዋስዉ ምንም አልጎደለውም፤ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ሆሄ የሚያርም መሣሪያ እንዲህ ያለውን በፍጹም አይዝም።

እርግጠኛ ከሆናችሁ ሁለቱንም አርሙ። ካልሆናችሁ ፊደሏን አርማችሁ ጥርጣሬያችሁን ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጣችን ይግባ ብላችሁ የምትልኩት ጥያቄ) ላይ በአጭሩ ጻፉ፦ «ኮሜንቱ ሴኮንድ ይላል፣ ኮዱ ግን ለ1000 ያካፍላል፤ የትኛው ነው ልክ?» ለፕሮጀክቱ ይህች ጥያቄ ከእርማቱ ትበልጥበታለች።

ኮሜንት ሁሉ ለሰው የተጻፈ ነው ብሎ ማሰብ

ስንማር ኮምፓይለር ኮሜንትን ይዘላል ተብለናል። እውነታው ግን ብዙ መሣሪያዎች ኮሜንት ውስጥ ትእዛዝ ያነባሉ።

ጎ ቋንቋን እንውሰድ። ሁለት ስላሽ አለ። ከዚያ ያለ ምንም ክፍተት «ጎ»፣ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎም «ኤምቤድ» ወይም «ቢልድ» የሚል ቃል ይመጣል። እዚያው ፋይል ውስጥ ያሉት ሌሎች ኮሜንቶች ከስላሹ በኋላ ክፍተት አላቸው። ዓይን ይህን እንደ ግድፈት ያየዋል፤ ክፍተት ማስገባት ያሰኛል። ያቺ አንዲት ክፍተት ግን ትእዛዙን ተራ ኮሜንት ታደርገዋለች። «ኤምቤድ» ሥራው የአንድን ፋይል ይዘት ወደ ቫሪያብል ማስገባት ነው። ትእዛዙ ሲጠፋ ጽሑፍ ይይዛል የተባለው ቫሪያብል ባዶውን ይቀራል፤ ኮዱም ያለ ምንም ቅሬታ ኮምፓይል ሊሆን ይችላል። «ቢልድ» ከሆነ ደግሞ ለአንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ የታሰበው ፋይል ሌሎቹም ላይ ሊገባ ነው።

ሲ ላይም አለ። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ከ7ኛው ቨርዥን፣ ማለትም ከ2017 ጀምሮ፣ «ስዊች» ውስጥ አንድ «ኬስ» ያለ «ብሬክ» ወደሚቀጥለው ሲያልፍ ማስጠንቀቅ ይችላል። ሆን ተብሎ መሆኑን የሚነግረው ደግሞ «ፎል ስሩ» የሚል ኮሜንት ነው። ኮምፓይለሩ ያንን ኮሜንት በእርግጥ ያነበዋል። «ስሩ» የሚለውን ቃል አሳጥሮ መጻፍንም ይቀበላል፤ ስለዚህ አጭሩ አጻጻፍ ግድፈት አይደለም። ሙሉ ብታደርጉትም አይጎዳም። በራሳችሁ ቃል አሳምራችሁ «ወደሚቀጥለው ይሄዳል» የሚል ዓይነት ነገር ብትጽፉ ግን ማስጠንቀቂያው ይመለሳል። ማስጠንቀቂያን እንደ ስህተት የሚቆጥር ፕሮጀክት ከሆነ ቢልዱ ይቆማል።

ፓይተን ላይ ዶክስትሪንግ (ኮዱ ራሱ ውስጥ የሚጻፍ ማብራሪያ) ውስጥ ሦስት የ«ይበልጣል» ምልክት ካያችሁ ረጋ በሉ። ዶክቴስት የሚባለው መሣሪያ እዚያ ያለውን ምሳሌ ያስኬድና ውጤቱን ከታች ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል ያነጻጽራል። ፕሮግራሙ ራሱ ግድፈት ያለበት መልእክት የሚያትም ከሆነ ዶክስትሪንጉን ብቻ ማረም ቴስቱን ይጥላል። ሁለቱም አብረው መታረም አለባቸው።

ስምን እንደ ግድፈት ማረም

የዌብ ጥያቄ ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚናገረው የኤችቲቲፒ (ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) ሄደር «ሪፈረር» ይባላል። በእንግሊዝኛ መሃሉ ላይ ሁለት «አር» ሊኖረው ሲገባ አንድ ብቻ ነው ያለው። ግድፈቱ በ1996 በወጣው የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድ፣ በአርኤፍሲ 1945፣ ታትሟል፤ እስካሁንም እንዳለ ነው። ሰርቨሮችና ብራውዘሮች ሁሉ በዚያው ፊደል ይግባባሉ። ኋላ የመጣው «ሪፈረር ፖሊሲ» የሚባለው ሄደር ግን በትክክለኛው ሆሄ ተጽፏል። ስለዚህ አንድ ዶክመንቴሽን ውስጥ ሁለቱም አጻጻፎች ጎን ለጎን ሊገኙና ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ዩኒክስ ላይ ፋይል የሚፈጥረው «ክሬት» የሚባለው ሲስተም ኮልም መጨረሻው ላይ መኖር የነበረባት «ኢ» የለችውም። ዶክመንቴሽኑ ላይ ፊደሏን የጨመረ ሰው አንባቢውን ወደሌለ ስም መራው ማለት ነው።

እናንተ ፕሮጀክት ውስጥም ይኸው ነው። የተገደፈችው ቃል የፈንክሽን ስም፣ የኮንፊግ ቁልፍ፣ የዳታቤዝ ኮለም ወይም የጄሰን ፊልድ ከሆነች ማረሙ የግድፈት እርማት መሆኑ ይቀራል። የሌሎችን ኮድ የሚሰብር ለውጥ ይሆናል። ይቀየር ከተባለ አዲሱ ስም ይጨመራል፣ አሮጌው ለተወሰነ ጊዜ አብሮ ይቆያል። ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ውይይት ይፈልጋል። ኮሜንት ከመንካታችሁ በፊት ቃሏን በመላው ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክቱ ፋይሎች ማከማቻ) ፈልጉ። ሌላ ቦታ በኮድነት ካገኛችኋት እጃችሁን ሰብስቡ።

ተጠቃሚ የሚያየው የስህተት መልእክትም እዚህ ውስጥ ይገባል። ጌትቴክስት የሚባለውን የትርጉም መሣሪያ የሚጠቀም ፕሮጀክት ላይ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ራሱ የትርጉም መፈለጊያ ቁልፍ ነው። አንዲት ፊደል ስትቀየር በየቋንቋው ያሉት ትርጉሞች «ይጣራ» የሚል ምልክት ይለጠፍባቸዋል። ተርጓሚው እስኪያያቸው ድረስ ተጠቃሚው የሚያየው እንግሊዝኛውን ይሆናል። ይታረም፤ ግን የትርጉም ፋይሎቹን የሚይዘው ሰው ይወቅ።

ኤዲተሩ ሳይነግራችሁ የሚያደርገው

ብዙ ኤዲተሮች ፋይል ሲቀመጥ በየመስመሩ መጨረሻ ያለውን ክፍተት እንዲያጠፉ ተደርገው ይስተካከላሉ። ኮድ ላይ ጥሩ ነው። ማርክዳውን (ዶክመንቴሽን የሚጻፍበት ቀላል የጽሑፍ ቅርጽ) ላይ ግን መስመር መጨረሻ ላይ ያሉ ሁለት ክፍተቶች ትርጉም አላቸው፤ መስመር ይሰብራሉ። አንዲት ቃል አረምኩ ያለ ሰው አድራሻ ወይም ዝርዝር የነበረውን ሁሉ አንድ ረጅም መስመር አድርጎት ይሄዳል።

የርዕስ ግድፈትም እንዲሁ ያታልላል። ማርክዳውንን ወደ ገጽ የሚቀይሩ ብዙ መሣሪያዎች የክፍሉን ሊንክ የሚሠሩት ከርዕሱ ቃላት ነው። ርዕሱ ሲታረም አሮጌው ሊንክ ወደ ቦታው መውሰዱን ያቆማል። ፋይሎቹ ውስጥ አሮጌውን ሊንክ ፈልጋችሁ አብራችሁ አስተካክሉ።

መሣሪያው ያለውን ሁሉ መቀበል

ኮድስፔል ኮድ ውስጥ የፊደል ግድፈት የሚፈልግ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም እመክራለሁ። በመዝገበ ቃላት የሌለውን ቃል ሁሉ ስህተት አይልም። በተለምዶ የሚሳሳቱ አጻጻፎችን ዝርዝር ይዞ እነሱን ብቻ ይፈልጋል፤ ኮድ ላይ የሚመቸውም ለዚህ ነው። የሊኑክስ ከርነልም ተመሳሳይ ዝርዝር አለው፤ ፓች (የተላከ ለውጥ) የሚፈትሸው ስክሪፕታቸው ይጠቀምበታል።

ስህተቱ እርማቱን በቀጥታ ፋይሉ ላይ የሚያስገባውን «ጻፍ» የሚለውን አማራጭ ሰጥቶ ውጤቱን ሳያነቡ መላክ ነው። አጭር የቫሪያብል ስም፣ የሰው የአባት ስም፣ የሌላ ቋንቋ ቃል፣ ሆን ተብሎ የተሳሳተ የቴስት ዳታ፤ ሁሉም መሣሪያው ላይ ግድፈት መስለው ሊታዩ ይችላሉ። የፍለጋ ፕሮግራም «የተሳሳተ ቃል ሲጻፍ ምን እናሳይ?» የሚል ቴስት ቢኖረውና እዚያ ያለው ቃል ቢታረም ቴስቱ ከነጭራሹ ትርጉም ያጣል። በየቃሉ እየጠየቀ የሚያርምበት አማራጭም አለው፤ ጊዜ ቢወስድም እሱ ይሻላል። ለፕሮጀክቱ ልዩ የሆኑ ቃላትን ችላ እንዲላቸው አስመዝግቡ።

የብሪታንያና የአሜሪካ አጻጻፍ ልዩነትም ግድፈት አይደለም። ፕሮጀክቱ አንዱን ብቻ እንጠቀማለን ካላለ ተዉት።

መነካት የሌለባቸው ፋይሎች

የላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ፋይል አይነካም። ጂፒኤል የሚባለው የታወቀ ላይሰንስ ጽሑፍ ራሱ መግቢያው ላይ እንዳለ መቅዳትና ማሰራጨት ለሁሉም የተፈቀደ መሆኑን፣ መቀየር ግን ክልክል መሆኑን ይናገራል። ከሌላ ፕሮጀክት ተቀድተው የገቡ ፋይሎችም መታረም ያለባቸው መነሻቸው ላይ ነው፤ አለዚያ በሚቀጥለው ማሻሻያ ግድፈቱ ተመልሶ ይመጣል። በመሣሪያ የሚመነጩ ፋይሎች ብዙውን ጊዜ አናታቸው ላይ «አታርሙ» የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ ፋይሉን የሚያመነጨውን ምንጭ ፈልጉ።

አንዲቷን ፊደል ለብቻዋ መላክ፣ ወይም ሁሉንም በአንድ መጠቅጠቅ

በጥቅምት 2020 ሃክቶበርፌስት (ለኦፕን ሶርስ አስተዋጽኦ የሚያበረታታ ዝግጅት) ላይ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ቲሸርት ለማግኘት ሲባል ሪድሚ (የፕሮጀክቱ መግቢያ ፋይል) ላይ አንድ ቃል የሚጨምሩ ፑል ሪኩዌስቶች በየፕሮጀክቱ ጎረፉ። አዘጋጁ ዲጂታል ኦሽን በዚያው ወር ደንቡን ቀይሮ፣ ፈቃደኛ ነኝ ያሉ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲቆጠሩ አደረገ። ግድፈት አራሚ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታየው ከዚህም የተነሳ ነው።

ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። አንድ ፊደልም ትሁን መቶ መስመር፣ አንድ ሰው መክፈት፣ ማየት፣ ቴስቱ እስኪያልቅ መጠበቅና ማጽደቅ አለበት። ኩበርኔቲስ የሚባለው የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት የአስተዋጽኦ መመሪያ ይህን በግልጽ ያነሳል፦ አንድ ግድፈት ካገኛችሁ እሱን ብቻ ከመላክ ይልቅ ሙሉ ፋይሉን ገምግሙ ይላል። ይሄ ትክክለኛ ልክ ይመስለኛል። አንድ ፋይል ወይም አንድ ፎልደር ያዙ፣ ከላይ እስከ ታች አንብቡ፣ ያገኛችሁትን በአንድ ላኩ።

ወደ ሌላኛው ጫፍ መሄድም አያዋጣም። ሦስት መቶ ፋይል የሚነካ ፑል ሪኩዌስት ማንም በደንብ አያነበውም። ሌሎች እየሠሩበት ካለው ኮድ ጋር ይጋጫል። «ይህን መስመር ማን ጻፈው?» ብሎ ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የቀየረውን ሰው የሚያሳይ ትእዛዝ) የሚጠይቅ ሰውም የሚያገኘው የእናንተን ስም ነው። ጊት ከ2.23 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ኮሚቶችን ብሌም እንዲዘላቸው ማድረግ ይቻላል፤ ቢሆንም ሁሉም ፕሮጀክት አላዘጋጀውም። የግድፈት እርማትን ከኮድ ለውጥ ጋር መቀላቀልም ያው ነው። ኮዱ ችግር ፈጥሮ ወደኋላ ሲመለስ እርማቱም አብሮ ይጠፋል።

የኮሚት መልእክቱ ደግሞ «ግድፈት አረምኩ» ብቻ አይሁን። የት እንደሆነ ይናገር፦ «ዶክስ፦ የመጫኛ መመሪያው ላይ ሁለት የፊደል ግድፈቶች ታረሙ» ያለ ሰው ገምጋሚውን አሳረፈ።

ጸሐፊውን ማረም

ብዙ ኮድ የሚጽፉ ሰዎች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። የተገደፈውን ፊደል ማረም እገዛ ነው። «እንግሊዝኛው ደካማ ስለሆነ አስተካከልኩት» ብሎ መጻፍ ግን ሰውን ማሳፈር ነው፤ ምንም አይጨምርም። ዓረፍተ ነገሩ ልክ ሆኖ እናንተ በሌላ መንገድ የምትጽፉት ከሆነም ግድፈት አይደለም። ግልጽ ያልሆነን ነገር ግልጽ ለማድረግ ከሆነ ለብቻው ላኩት፣ ምክንያቱንም ጻፉ።

ከመላክ በፊት ልዩነቱን አለማየት

ጊት ዲፍን (የተቀየረውን የሚያሳየውን ትእዛዝ) ሁለት ጊዜ ተመልከቱት። አንዴ እንደ ወትሮው በመስመር፣ አንዴ «ወርድ ዲፍ» በሚለው አማራጭ። ሁለተኛው የተቀየሩትን ቃላት ብቻ ለይቶ ያሳያል። በመስመር ስታዩት ተቀይሯል የሚል፣ በቃል ስታዩት ግን ምንም የማያሳይ መስመር ካለ ክፍተት ሾልኮ ገብቷል ወይም ጠፍቷል ማለት ነው። ያንን መስመር ወደነበረበት መልሱና ከዚያ ላኩ።